የ400 ጎብሊን ከበባን በአንድ ምሽት እንዴት እናጫውት?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው በዳይስና በምናብ የሚካሄድ የጠረጴዛ ጨዋታ፣ የአምስተኛው እትም ጌም ማስተር (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ነኝ። ተጫዋቾቼ አራት ናቸው፤ ፋይተር (ተዋጊ)፣ ክለሪክ (ፈዋሽ ካህን)፣ ሮግ (ሰርጎ ገብ) እና ዊዛርድ (አስማተኛ)። ሁሉም ሌቭል 7 ደርሰዋል። በሚቀጥለው ጨዋታ የሚኖሩባትን ከተማ 400 የሚሆን የጎብሊንና የኦርክ (የተረት ጭራቆች) ጦር ይከባታል። ከተማዋ 150 ተከላካይ አላት። ለሙከራ 20 ጎብሊን ብቻ አውጥቼ ባጫውታቸው ተራቸው እስኪደርስ ሁሉም ስልኩን መነካካት ጀመረ። ጦርነቱን ሳልሰርዘው ምን ላድርግ?»

አትሰርዘው ወንድሜ። ከቅጥሩ ማዶ ሜዳውን የሞላ ችቦ ማየት ተጫዋቾችህ ገና ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ነገር ነው። ግን የያዝከው የውጊያ ሕግ የተሠራው ለአምስትና ለስድስት ጠላት ነው። እንዳለ ወስደህ 400 ላይ ከጫንከው ይሰበራል።

እስቲ እንቁጠረው። 400 ጠላት፣ 150 ተከላካይ፣ 4 ጀግና፤ በጠቅላላ 554 ተራ። አንዱ ተራ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ወሰደ እንበል። አይበቃውም፤ ግን ይሁን። አንድ ዙር 277 ደቂቃ ይፈጃል። ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ተቀምጣችሁ፣ በጨዋታው ዓለም ያለፈው ጊዜ 6 ሰከንድ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል።

ጊዜው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አምስተኛው እትም ደካማ ጠላት እስከ መጨረሻው አስፈሪ ሆኖ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ቁጥሮቹ ብዙ አያድጉም። የፋይተርህ አርመር ክላስ (እሱን ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) 18 ነው እንበል። ጎብሊን ሲያጠቃ ባለ 20 ገጽ ዳይሱ ላይ 4 ይደምራል፤ ስለዚህ 14 እና ከዚያ በላይ ካመጣ ይመታዋል። ይህ 35 በመቶ ነው። 20 ጎብሊን በአንድ ዙር ቀስት ቢለቅበት በአማካይ 7ቱ ያገኙታል። እያንዳንዱ ቀስት 5 ነጥብ ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ዙር 35 ነጥብ ሄደ ማለት ነው። ሌቭል 7 ፋይተር 60 ገደማ የሕይወት ነጥብ ቢኖረው ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ መሬት ነው። ሕጉን ቃል በቃል ካጫወትክ ጀግኖችህን ከጦሩ አንድ ሃያኛው ይጨርሳቸዋል።

ስለዚህ የምሽቱ ሥራህ ይህ ነው፦ ሙሉው የውጊያ ሕግ ተጫዋቾችህ የቆሙበት ቦታ ላይ ብቻ ይሠራል። የቀረው ጦር በጥቂት ዳይስ ይንቀሳቀሳል፤ የሚንቀሳቀሰውም እነሱ ባደረጉት ነገር ተገፍቶ ነው። ቀጥሎ የምነግርህ ሁሉ ይህንን ለማስቻል ነው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰውን በአንድ ምልክት መወከል ማጭበርበር የሚመስላቸው ጌም ማስተሮች አሉ። ጨዋታው ራሱ ከዚያ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን ቼይንሜል የሚባል የጦርነት ጨዋታ ሕግ አወጡ። የብዙኃኑ ውጊያ ላይ አንድ ምስል 20 ወታደርን ይወክላል። ጀግና ደግሞ እንደ አራት ተዋጊ ይቆጠራል። ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሲያወጣ ነው ነገሩ ጦሩን ትቶ ወደ አንድ አንድ ሰው የወረደው። አንተ የምታደርገው ወደ ድሮው መመለስ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ሚኒየቸር (ትንንሽ የተዋጊ ምስል) አያስፈልግህም። ዋጋውም አይቀመስም። 14 ቆርኪ ሰብስብ። አንድ ቆርኪ አንድ ጭፍራ ነው፤ አንድ ጭፍራ 40 ነፍስ። ጠላት 10 ጭፍራ ይኖረዋል፤ 8 የጎብሊን፣ 2 የኦርክ አድርገው። ከተማዋ 40፣ 40፣ 40 ሆነው በሦስት ግንባር የሚቆሙ ጭፍሮችና 30 ሰው ያለበት አንድ ደጀን ይኖራታል። ቆርኪው በስዕሉ በኩል ከተቀመጠ ጭፍራው ሙሉ ነው። ከተገለበጠ ተናግቷል። ከተነሳ ተበትኗል። የሕይወት ነጥብ አትቁጠር፣ የሞተ አትቁጠር። የተበተነ ጭፍራ ደግሞ ሁሉም ሞተ ማለት አይደለም፤ ግማሹ ጫካ ገብቷል፣ ግማሹ ጋሻውን ጥሎ እየሮጠ ነው።

ሦስቱን ግንባሮች እንደ ከተማህ ሰይማቸው። እኔ ለምሳሌ ዋናው በር፣ ምዕራቡ ቅጥርና የወንዙ በር እላለሁ። ለጠላትም ቅርጽ ስጠው። እንደ ድሮው ሠራዊታችን ግንባር ቀደሙን በፊታውራሪ፣ ቀኙንና ግራውን በቀኝ አዝማችና በግራ አዝማች፣ የኋላውን በደጀን ክፈለው። ለእያንዳንዱም አንድ አለቃ ይኑረው፤ ስም ያለው፣ የሚጮህ፣ ከሩቅ የሚታይ። ተጫዋቾችህ 400 ጎብሊን መግደል አይችሉም። ቀይ ባንዲራ የያዘውን የግራ አዝማች ግን መግደል ይችላሉ።

ጊዜውንም ቀይረው። አንድ የጦርነት ዙር አሥር ደቂቃ ያህል ነው በል፤ 6 ሰከንድን እርሳው። ምሽቱ ላይ አራት የጦርነት ዙር በቂ ነው። አንዱ ዙር ከ40 ደቂቃ ካለፈ የሆነ ነገር በዝቷል።

ዙሩ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ከተለያየ ቦታ የሚመጣ ወሬ ትነግራቸዋለህ። «ዋናው በር ላይ ግዙፍ ኦገሮች ግንድ ተሸክመው እየመጡ ነው። ምዕራቡ ቅጥር ላይ መሰላል ቆሟል። የወንዙ በር ጠባቂዎች ከደወሉ ጀምሮ ድምፃቸው ጠፍቷል።» ሦስት ወሬ፣ ለሁሉም የማይበቃ ሰው። የት እንደሚሄዱ ይምረጡ። ይከፋፈሉ፣ አብረው ይሂዱ፣ እንደፈለጉ። ከዚያ የሄዱበትን ቦታ በተለመደው ሕግ ታጫውታለህ፤ ከሦስት ወይም ከአራት የውጊያ ዙር በላይ እንዳይሄድ። ከዚያ ለቀሩት ግንባሮች ዳይስ ትወረውራለህ።

ይህቺ ዳይስ ቀላል ናት። ለእያንዳንዱ ግንባር ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ወርውር። ድምሩ 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ የከተማዋ ጭፍራ አንድ ደረጃ (ከሙሉ ወደ ተናጋ፣ ከተናጋ ወደ ተበተነ) ይወርዳል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ መስመሩ ጸንቷል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የጠላት ጭፍራ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ጀግኖቹ በዚያ ዙር ለዚያ ግንባር የሚጠቅም ነገር ሠርተው ከሆነ 2 ደምር። የሆነ ነገር አበላሽተው ከሆነ 1 ቀንስ። ሌላ ጭማሪ አታብዛ፤ ዝናብ፣ ጨለማ፣ ቁልቁለት እያልክ መደመር ከጀመርክ ምሽቱ ሒሳብ ይሆናል።

ቁጥሩን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። በአራት ዙር ሦስት ግንባር ላይ 12 ጊዜ ትወረውራለህ። 6 እና ከዚያ በታች የመምጣት ዕድሉ ከ36 15 ነው። ጀግኖቹ ቤታቸው ተኝተው ቢያድሩ ከተማዋ በአማካይ 5 ደረጃ ታጣለች፤ ያላት 8 ነው። ጠላት በዚያው ጊዜ 2 ደረጃ ቢያጣ ነው፤ ያለው ግን 20። ማለትም ብቻዋን የተተወች ከተማ እስከ ንጋት ትንገታገታለች እንጂ አታሸንፍም። ሚዛኑን የሚቀይሩት አራቱ ናቸው። አንተ ለእነሱ ብለህ ዳይሱን መደበቅ ወይም መዋሸት የለብህም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደ እነሱ ያያል።

እነዚህ አራት ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ትልቁ ድካምህ እዚህ ላይ ይሁን። ብዙ ጌም ማስተር «ጎብሊኖቹ መጡ፣ ግደሉ» ብሎ ይተወዋል። መግደል ሥራ አይደለም። ሥራ ማለት ቦታና የጊዜ ገደብ ያለው፣ ሲሳካም ሲከሽፍም ጦርነቱን የሚቀይር ነገር ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ በጥቃት አልደፈር ሲል በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ ውኃው ተያዘ። ማጆር ጋሊያኖ ጥይት እያለው በውኃ ጥም ምሽጉን ለቆ ወጣ። ከበባ ላይ ውኃ ከቅጥሩ እኩል ነው። የከተማህ ምንጭ የት ነው? ማን ይጠብቀዋል? ጎብሊኖቹ ካወቁትስ? አንድ ሙሉ የጦርነት ዙር ይወጣዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደግሞ የጣሊያኑ አዛዥ የባራቲዬሪ ብርጌዶች በሌሊት ሲሄዱ ጎን ለጎን እንዲደጋገፉ ነበር የታሰበው። ንድፍ ካርታቸው ላይ የእንዳ ኪዳነ ምሕረት ስም የተጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ አልበርቶኔ ትክክለኛውን ቦታ ፍለጋ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ገባ። ሌላው አዛዥ ዳቦርሚዳ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ተነጠለ። ሲነጋ ለየብቻቸው ተመቱ። ይህ ለአንድ ሮግ የተሰጠ ሥራ ነው፦ መልእክተኛውን ያዝ፣ ትእዛዙን ለውጥ፣ የግራ አዝማቹ ወደ ረግረጉ ይግባ። ከተሳካለት ሁለት ቆርኪ ሙሉ ዙር ከጨዋታው ውጭ ይሆናል። አንድም ጎብሊን ሳይገደል። (ቅርጹን ብቻ ውሰድ እንግዲህ፤ ምኒልክን አምጥተህ ጎብሊን ፊት እንዳታቆምብኝ።)

ለፋይተሩ ግንድ ተሸካሚዎቹን ስጠው። በሩን ለመስበር ሦስት የጦርነት ዙር ያስፈልጋቸዋል በል፤ በግልጽም ንገራቸው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ምስር አስቀምጥና በየዙሩ አንድ አንሳ። እየቀነሰ ሲያዩት የሚፈጥረውን ጭንቀት የትኛውም ገለጻህ አይፈጥረውም። ክለሪኩ የተናጋ ጭፍራ ጋ ደርሶ ቁስለኞቹን ከፈወሰ ወይም ከሰበከ ቆርኪው ወደ ሙሉ ይገለበጥ። ክለሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የጓደኞቻቸው አስታማሚ ሆነው ነው የሚያመሹት፤ እዚህ ላይ 40 ሰው ሲያነሱ ደስ ይላቸዋል።

ዊዛርዱ ለብቻው ምክክር ያስፈልገዋል። ፋየርቦል (የእሳት ኳስ አስማት) ካለው ይህ ምሽት የእሱ ነው፤ አስቀድመህ ካላሰብክበት ደግሞ የእሱ ብቻ ይሆናል። ፋየርቦል 20 ጫማ ራዲየስ ይሸፍናል። ተጠጋግተው የቆሙ 40 ጎብሊኖች ውስጡ ይገባሉ። ጉዳቱ በአማካይ 28 ነው፤ ያመለጠው እንኳ ግማሹን፣ 14 ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ሕግ ጎብሊን ያለው 7 የሕይወት ነጥብ ነው። ስለዚህ አንድ ፋየርቦል አንድ የጎብሊን ቆርኪ ያነሳል። ክርክር አያስፈልገውም። ሌቭል 7 ዊዛርድ ሦስት የሦስተኛ ደረጃና አንድ የአራተኛ ደረጃ የአስማት ቦታ አለው፤ ሁሉንም ለዚህ ካዋለ አራት ጊዜ ይተኩሳል። ከ10 ጭፍራ አራቱ ሄዱ ማለት ነው።

አትከልክለው። የመጀመሪያው ይውጣለት፤ ሰማዩ ይብራ፣ ቅጥሩ ላይ ያሉት ሚሊሺያዎች እልል ይበሉ። ግን ጠላትህ ሞኝ አይደለም። ከመጀመሪያው በኋላ አለቃው «ተበተኑ!» ብሎ ይጮሃል። ከዚያ ጎብሊኖቹ ተራርቀው ነው የሚመጡት፤ ቀጣዩ ፋየርቦል ቆርኪ ይገለብጣል እንጂ አያነሳም። ቀስተኞችም ካባ የለበሰውን ሰውዬ መፈለግ ይጀምራሉ። ኦርኮቹ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሠራም። ኦርክ 15 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ያመለጠው 14 ተቀንሶበት በአንድ ነጥብ ይተርፋል። እየጨሰ፣ እየተሳደበ ይመጣል። እኔ ይህቺን አንድ ነጥብ በጣም ነው የምወዳት።

ጀግኖቹ ያሉበት ቦታ ላይስ ስንት ጠላት ይውጣ? ከ12 አታሳልፍ። የቀረው ጭፍራ ከኋላ እየተጋፋ ነው፤ ይሰማል፣ ተራ ግን የለውም። ለ12ቱም 12 ዳይስ አትወርውር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጌም ማስተር መመሪያ ላይ ብዙዎች ገልጠው የሚያልፉት አንድ ሠንጠረዥ አለ። ጠላት ለመምታት ዳይሱ ላይ ስንት እንደሚያስፈልገው ታያለህ። 5 እና ከዚያ በታች ከበቃው ሁሉም ይመታሉ። ከ6 እስከ 12 ከሁለት አንዱ። 13 ወይም 14 ከሦስት አንዱ። 15 ወይም 16 ከአራት አንዱ። 17 ወይም 18 ከአምስት አንዱ። 19 ከአሥር፣ 20 ከሃያ አንዱ። የአንተ ጎብሊኖች በፋይተሩ ላይ 14 ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ 12 ጎብሊን ከበበው ማለት 4 መታው፣ 20 ነጥብ ቀነሰ ማለት ነው። አለቀ። አንድም ዳይስ ሳይወረወር፣ በአምስት ሰከንድ። ዳይሱን ለአለቃውና ለኦገሮቹ አስቀምጥ። የተጫዋቾችህ ምት ያገኘው ተራ ጎብሊንም ወዲያው ይውደቅ፤ 3 የሕይወት ነጥብ የቀረው ጎብሊን ወረቀት ላይ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም።

ሌላው የሚረሳው ፍርሃት ነው። እውነተኛ ጦር የመጨረሻው ሰው እስኪሞት አይዋጋም፤ ከዚያ በፊት ይሸሻል። አምስተኛው እትም ይህን ወደ ዳር ገፍቶታል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዚሁ ጨዋታ መሠረታዊ ሳጥን የተሻለ መንገድ ነበረው፦ እያንዳንዱ ጭራቅ የሞራል ቁጥር አለው፤ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ትወረውራለህ፤ ድምሩ ከቁጥሩ ከበለጠ ይሸሻል። ውሰደው፣ ያው ዳይሱ እጅህ ላይ ነው። ለጎብሊን 7፣ ለኦርክ 8 ስጥ። ጎብሊን ከ36 ዕድል በ15ቱ፣ ኦርክ በ10ሩ ይሸሻል። የምትወረውረውም ጭፍራው ሲገለበጥ፣ አለቃው ሲሞት ወይም ያልጠበቁት ነገር ሲከሰት ብቻ ነው። ቀይ ባንዲራው ሲወድቅ ከሥሩ ላሉት ቆርኪዎች ሁሉ ወርውር። ሮጉ አንድ ሰው ገድሎ ሁለት ጭፍራ ሲሸሽ ካየ ከዚያ በኋላ አለቃ አለቃውን ብቻ ነው የሚያድነው። አንተም የምትፈልገው እሱን ነው።

«ተጫዋቾቼ ጭፍራ ራሳቸው ይምሩ ወይ?» የሚል ጥያቄም ይመጣብሃል። ይምሩ። ለእያንዳንዱ አንድ የከተማዋን ጭፍራ ስጠውና የዚያን ግንባር ዳይስ ራሱ ይወርውር። አንተ ወርውረህ «40 ሰው ሸሸ» ከምትለው፣ እሱ ራሱ ወርውሮ 4 ሲያመጣና ጠረጴዛው ኡኡ ሲል ይሻላል። ለጭፍራውም ሁለት ስም ያለው ሰው ጨምርለት፤ ባለፈው ጨዋታ ጠላ የቀዳችላቸው ባለ መሸታ ቤት፣ የፋይተሩን ሰይፍ የሳለው ቀጥቃጭ። ጭፍራው ሲናጋ ከሁለቱ አንዱ ይቆስላል። ሲበተን አንዱ ይጠፋል። ማን እንደሆነ ተጫዋቹ ይምረጥ። ጭካኔ ይመስላል፤ ነው። ግን 40 ስም የለሽ ሰው ማጣት ለማንም አይሰማውም።

ሌሎች ጨዋታዎች ለዚህ የተዘጋጀ ሕግ አላቸው። ሳቬጅ ወርልድስ ለምሳሌ ለትልቁ ጦር 10 ምልክት ይሰጣል፣ ለትንሹ በዚያው ልክ፤ የአንተ ከተማ 4 ታገኛለች። ከዚያ ሁለቱ አዛዦች ዳይስ ይወራወራሉ፣ የተሸነፈው ምልክት ያጣል። ፈጣን ነው፤ ጦርነቱ ከበስተኋላ ከሆነና በ20 ደቂቃ መጨረስ ከፈለግህ ተጠቀምበት። ለምሽቱ ዋና ጉዳይ ግን አልመርጠውም። ክብደቱ የአዛዡ ዳይስ ላይ ነው የሚወድቀው። የአንተ አራቱ ደግሞ አዛዥ አይደሉም፤ ቅጥር ላይ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው።

ከጨዋታው በፊት አንድ የጦርነት ዙር ብቻህን ቤትህ ሞክረው፤ ቆርኪ ደርድረህ፣ ዳይስ ወርውረህ። የት እንደምትደናቀፍ ያኔ ይታይሃል። ዳይሱ ከሚገባው በላይ ከጨከነ ለከተማዋ የቅጥሩን 1 ደምርላት።

መጨረሻውንም አስቀድመህ ወስን፤ ወረቀት ላይ ጻፈው። እኔ የምለው፦ ከጠላት 10 ቆርኪ 5ቱ ከተነሱ ወይም ዋናው አዛዥ ሞቶ የሞራሉ ዳይስ ከከሸፈ ጦሩ ያፈገፍጋል። ከከተማዋ ሦስት ግንባር ሁለቱ ከተበተኑ ደግሞ ከተማዋ ወድቃለች፤ የቀረው ጨዋታ ሰዎቹን በወንዙ በር ማስወጣት ነው፣ እሱም ጥሩ ጨዋታ ነው። አሸነፉም ተሸነፉም የቀሩትን ጎብሊኖች አንድ በአንድ አታጫውት። ሲሸሹ ተዋቸው። ወደ 200 የሚሆን የተራበ፣ አለቃ የሌለው ጎብሊን ጫካ ውስጥ ካለህ ለሚቀጥለው ጨዋታ ብዙ ማሰብ አይጠበቅብህም።